የመንኮራኩሯ በር ጠባቂ

አሰፋች በቀለ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የአግዳሚውን ጫፍ ትይዝ ነበር። ዲላ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በነበረው የቡና መጋዘን አብረን ለቃሚዎች ሳለን፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ጫፍ የእሷ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ብርሃኑ በግራዋ ስለሚገባ ጥቁሯ ፍሬ፣ ስባሪዋ፣ ተባይ የበሳት፣ ሁሉም ከእኛ ቀድሞ ይታያታል። ዋናው ምክንያቷ ግን ይህ አልነበረም። ከዚያ ጫፍ ሆኖ የሁላችንም ፊት ይታያል፤ አሰፋች ደግሞ ስታወራ የሚያዳምጣትን ሰው ፊት ማየት ትወድ ነበር።

የኮንጋ መንደር ልጅ ናት። አባቷ አቶ በቀለ እንሰታቸው ሥር ቡና የተከሉ ገበሬ ነበሩ። ከሦስት ሴቶች ልጆቻቸው እሷ የመጨረሻዋ ናት። የመጀመሪያዋ በመልኳ ታወቀች፤ ሁለተኛዋ በትምህርቷ ገፍታ አስተማሪ ሆነች። አሰፋች ከስድስተኛ ክፍል አላለፈችም፤ መልኳም እንደኔው እንደ ማንም ነው። አንድ ነገር ግን ነበራት። በኮንጋ ጸሎት ቤት መዝሙር የምትመራው እሷ ነበረች። ድምጿ በጣም ያማረ ሆኖ አይደለም፤ ቃሉን ቀድማ ታውቀዋለች፣ ሕዝቡም እሷን ይከተላል። ከዚያ አንድ እሑድ ሲሄዱ የጸሎት ቤቱ በር ታሽጎ አገኙት። በዚያ ዘመን ብዙ በር ይታሸግ ነበር፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም። ሰው በየቤቱ መጸለዩን ቀጠለ፤ በየቤቱ ግን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ነው፤ ድምፅ ዝቅ ብሎ ሲዘመር መሪ አያስፈልግም።

አሰፋች ዲላ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እኔና እሷ ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። አልጋዋ ከአልጋዬ ከአንድ ክንድ በላይ አይርቅም፤ ስለዚህ ስለ እሷ የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም።

ጨዋታው የተጀመረው ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ግድም ነው። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ፊልም ይታያል ተብሎ ሁላችንም ተጠራን። ስለ ትራክተር፣ ስለ ፋብሪካ ብዙ ካሳዩን በኋላ መጨረሻ ላይ ሰዎች በመንኮራኩር ወደ ሰማይ ሲሄዱ አሳዩን። አንዱ ሰውዬ ሊበላ ሲል ማንኪያው ከእጁ አመለጠና ሳይወድቅ አየር ላይ ቀረ። ሰውዬው ስቆ በአፉ ቀለበው። በማግስቱ ጠዋት ቡናው ጠረጴዛው ላይ ከተዘረገፈ በኋላ የምናወራው ስለ ማንኪያው ብቻ ነበር።

«እኛ ብንሳፈር ማን ማን ሆነን ነው የምንሄደው?» አለች አሰፋች።

«እኔማ ዘነቡን ሆኜ ነዋ» አለች እትዬ ዘነቡ። እትዬ ዘነቡ በዕድሜ ትልቃችን፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ነበረች።

«አይቻልም። ራሳችንንማ እዚሁ ትተን ነው የምንሄደው።»

ይህ አነጋገር ሁላችንንም ደስ አለን። በዚያ ወቅት ራሱን ትቶ መሄድ የማይፈልግ ማን ነበር?

እንዲህ ሆኖ አሰፋች ለእያንዳንዳችን ሰው ትፈጥርልን ጀመር። ማንኛውም ሰው ሦስት ነገር ይኖረዋል አለች፤ የሚችለው ሥራ፣ የሚፈራው ነገር፣ ምድር ላይ ጥሎት የሚሄደው ነገር። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ መንኮራኩሯ አታሳፍረውም። ለእትዬ ዘነቡ ሞተር አድማጯን ሰጠቻት፤ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ ሕመሙን የምታውቅ ሴት ናት፤ የምትፈራው ጸጥታን ነው፤ ምድር ላይ የተወችው የሚያንኮራፋ ባሏን ነው። ለአትጠገብ እንሰት ተካዩን ሰጠቻት። አትጠገብ ከኢዲዶ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት፤ ስትለቅም ከንፈሯን ትነክሳለች። እንሰት ተካዩ በመንኮራኩሯ ሆድ ውስጥ በመብራት እንሰት ያበቅላል፤ የሚፈራው ግን አንድ ነገር ነው። ሰማይ ላይ ላይና ታች ስለሌለ ሥሩ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። አትጠገብ ይህን ስትሰማ ብዙ አሰበችበትና «እውነቷን እኮ ነው፣ ወዴት ይሄዳል?» አለች፤ ቀኑን ሙሉ ተጨነቀች።

ለእኔ የሰጠችኝ መንገድ አስታዋሿን ነው። መንኮራኩሯ ባለፈችበት ሁሉ የመመለሻውን መንገድ በልቧ የምትይዝ፣ ካልተጠየቀች የማትናገር ሴት። አሰፋች ታውቀኛለች።

ራሷ አለቃዋን ሆነች። አለቃዋ አደጋውን ታመጣለች፣ ወዴት እንደምንሄድ ትናገራለች። አደጋ ሲመጣ የሚፈርደው ቡናው ነው። የቡና ፍሬ አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ሌላው ጎኑ ጎባጣ ነው። አምስት ፍሬ ከክምሩ ታነሺና ጠረጴዛው ላይ ትጥያለሽ። ስንጥቋን ወደ ላይ ያደረገች ፍሬ ፊት ሰጠች እንላለን፤ ጎባጣዋን ያሳየች ደግሞ ጀርባ ሰጠች። ሦስቱ ፊት ከሰጡ ሰውሽ ተረፈ፤ ካልሰጡ አለቀለት።

ተቆጣጣሪያችን ጋሼ ሽብሩ እጃችን እስካላቆመ ድረስ አፋችንን አይከለክሉም ነበር። አንድ ቀን ግን ከኋላችን ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና «ይቺ መንኮራኩራችሁ ላይ ቀበሌ አለ?» አሉ።

ሁላችንም ደነገጥን። እትዬ ዘነቡ ቀና ሳትል «አለ ጋሼ፤ ስብሰባው ግን ሊቀ መንበሩ እየተንሳፈፈ ስላስቸገረ አልተጀመረም» አለች።

ጋሼ ሽብሩ ሳቃቸውን በሳል ሸፍነው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካንም። አሰፋች በዚያ ወራት ወዟ ተመለሰ። ጠዋት ከእኔ ቀድማ ትነሣለች፤ ፊቷን ስትታጠብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የቀኑን አደጋ እያዘጋጀች ነው። ምሳችንን ቆጮ በጎመን ስንበላ የሌላ ጠረጴዛ ሴቶች ሳይቀሩ እየመጡ «አሱ፣ እስቲ ለእኔም አንድ ሰው» ይሏታል። የጠያቂዋን ፊት ታያለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ትሰጣለች። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ ሰው እንዲያ ሲከተላት ያየሁት ያኔ ነው።

ጦይባ የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው።

የአቶ ዘይኑዲን ልጅ ናት። አቶ ዘይኑዲን ከዋናው መንገድ ዳር ሱቅና አንድ የጭነት መኪና ነበራቸው። መኪናው ለዘመቻ ተፈልጎ ተወሰደና አልተመለሰም፤ የሱቁ መደርደሪያም ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። ጦይባ አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ቡና ለቀማ የምትገባ ልጅ አልነበረችም። የመጀመሪያው ቀን ሻሽዋን ጠበቅ አድርጋ አስራ ገባች፤ ቦታ ስላልነበረ በጠረጴዛው ማዕዘን ጆንያ ገልብጣ ተቀመጠች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። ስትስቅ አፏን በእጇ ጀርባ ትሸፍናለች። ለቀማውን ቶሎ አልቻለችበትም፤ ስባሪዋን ከጥሩው ለመለየት እያንዳንዷን ፍሬ ወደ ዓይኗ ታስጠጋ ነበር።

አሰፋች መጀመሪያ አልከፋትም። እንግዳ ተቀባይ ሆና «ላንቺም ሰው ልስጥሽ?» አለቻት።

«ካልከፋሽ እኔ ራሴ ላምጣ?» አለች ጦይባ።

እስከዚያ ቀን ማንም ራሱ አምጥቶ አያውቅም። አሰፋች ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «አምጪ» አለች።

ጦይባ ዓይኗን ከቡናው ሳታነሣ ጀመረች። «የኔ ሰው የብረት ነው። ድሮ ለቃሚ ነበር። በእናንተ ፋንታ የተሠራ።»

«በእኛ ፋንታ?» አለች እትዬ ዘነቡ። «እኛስ የት ሄድን?»

«እናንተማ አርጅታችሁ ነበር።»

«ተመስገን፣ እርጅናም ደረሰልኝ።»

ጦይባ አፏን ሸፍና ሳቀችና ቀጠለች። «ጥሩውን ከመጥፎው ይለያል። ጥሩውን ወደዚህ፣ ስባሪውን ወደዚያ። ሌላ ሥራ አያውቅም። አንድ ቀን ስባሪ አነሣና መጣል አቃተው።»

«ለምን?» አለች አትጠገብ።

«እሱም አያውቅም። ደረቱ ላይ ትንሽ መዝጊያ አለችው፤ ከፈተና እዚያ ከተታት። ከዚያ ወዲያ ስባሪ ባገኘ ቁጥር እዚያ ይከታል። ሲራመድ ደረቱ ይንሿሿል። የሚፈራው አንድ ቀን ከፍተው እንዳያዩበት ነው።»

«ምድር ላይስ ምን ትቶ ሄደ?» አለች አሰፋች። ሕጉን ማስታወሷ ነው።

ጦይባ ትንሽ አሰበች። «ጥሩውን ሁሉ» አለች።

አትጠገብ አፏን ከፍታ ቀረች። እትዬ ዘነቡ ደግሞ ጥቂት ፍሬ በጭብጧ ይዛ ሿ፣ ሿ፣ ሿ አደረገችው፤ የብረቱ ሰው ሲራመድ መሆኑ ነው። ሁላችንም ወደ ጦይባ ዞርን። እኔ ወደ አሰፋች አየሁ። እሷ የእኛን ፊት እያየች ነበር፤ አንድ በአንድ፣ ቡና እንደምትለቅም። ወደ እሷ የዞረ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የብረቱ ሰው በመጣ ቁጥር እትዬ ዘነቡ ሿ ታደርጋለች፣ ሁሉም ይስቃል። አሰፋች ስለ ሞተሩ መሰበር፣ ስለ ኮከቡ መጥፋት ያሰበችውን ሁሉ እያወራች መሐል ላይ አንዷ «የብረቱ ሰው ያኔ የት ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። እሱ ያለበት ካልሆነ ወሬው አይጥማቸውም።

ማታ ጎመን ስንቀነጥስ አሰፋች «ጦይባ ጥርሷ ያምራል አይደል?» አለችኝ።

«ያምራል።»

«ለዚህ ነዋ በእጇ የምትሸፍነው። እንዲታይላት።»

ጎመኑን መቀንጠሴን ቀጠልሁ።

«አሥረኛ የጨረሰ ሰው መጽሐፍ ላይ ያየውን ነው የሚያወራው። የኔ ከራሴ ነው።»

«ስለ ቡና ለቃሚ የብረት ሰው የተጻፈ መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም» አልኋት። ክፉ ማለቴ አልነበረም። አሰፋች የያዘችውን ጎመን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ራት አልበላችም።

ነገሩ የባሰበት እትዬ ዘነቡ ሰው በቀየረች ጊዜ ነው። አንድ ጠዋት ገና ቡናው ሳይዘረገፍ «ጦይባዬ፣ ለእኔም እንደሱ ያለ አንድ ስጪኝ» አለች።

«ሞተር አድማጯስ?» አለች አሰፋች።

«ሞተች።»

«መቼ ሞተች? ቡና ሳይጣል?»

«ጆሮዋን ከሞተሩ ጋር እያጣበቀች ተቃጠለች። ትረፍ እስቲ፣ እሷም ሰው ናት።»

ሁሉም ሳቁ፤ እትዬ ዘነቡ ለሳቅ ብላ ነው፣ ክፋት የላትም። ጦይባ ግን አልሳቀችም። አሰፋችን አየት አድርጋ «እትዬ፣ ያንቺን ሰው አሱ አይደለች የምታውቃት» አለች። ይህን ማለቷ አሰፋችን ይበልጥ አሳመማት። የሚያዝንልሽ ሰው ካንቺ በላይ መቀመጡን ያወቀ ሰው ነው፤ አሰፋች እንዲህ ነው የተረዳችው። ከዚያ ቀን በኋላ ጦይባን በስሟ አልጠራቻትም፤ «ያቺ ጆንያ ላይ ያለችው» ትላት ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የቡና ዓይነት መናገር አለብኝ። አንድ እሸት ቡና ውስጥ ሁለት ፍሬ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ጠፍጣፋ ጎናቸው የሚወጣው ተጠጋግተው ስለሚያድጉ ነው። አልፎ አልፎ ግን አንደኛዋ ትቀርና ሌላዋ ብቻዋን ታድጋለች። የሚጫናት ስለሌለ ድቡልቡል ትሆናለች። እኛ መነኩሴ እንላት ነበር። ጣዕሟ እንከን አይወጣለትም፣ ከጥሩው ጋር ትሄዳለች። ለጨዋታው ግን አትሆንም፤ ተንከባላ ስንጥቋን በጎን አድርጋ ትቆማለች፤ ፊትም አትሰጥም፣ ጀርባም አትሰጥም። ስለዚህ መነኩሴ ከእጃችን ከገባች መልሰን ሌላ እናነሣ ነበር።

በዚያ ሰሞን አሰፋች መነኩሴ ባገኘች ቁጥር ነጠላዋ ጫፍ ላይ ስትቋጥር አየኋት። ለእህቷ ልጅ መጫወቻ የምትሰበስብ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ስለነበረብን ሁሉም ቶሎ ቶሎ ይለቅማል። አሰፋች አደጋ አመጣች። የድንጋይ ዝናብ መንኮራኩሯን በስቷታል፣ አየሩ እየወጣ ነው፣ አንድ ሰው በውጭ ሄዶ ቀዳዳውን መድፈን አለበት።

«የብረቱ ሰው ይውጣ» አለች። «እሱ አየር አይፈልግም።»

«እሺ፣ ይወጣል» አለች ጦይባ።

እትዬ ዘነቡ ሿ፣ ሿ አደረገች፤ አሁን ግን ቀስ ብላ። አትጠገብ ከንፈሯን ነከሰች። ጦይባ ቡና ልታነሣ እጇን ወደ ክምሩ ስትዘረጋ አሰፋች ቀድማ እጇን ዘረጋች። «እኔ መርጬልሻለሁ» አለችና አምስቱን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

አሁን ሳስበው ይገርመኛል። አሰፋች ብልህ ሴት ነበረች። ሆኖም ዓለም ላይ ካለው ሰው ሁሉ መርጣ በቡና ልታታልል የተነሣችው ቡና ለቃሚዎችን ነው። ጣታችን ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ተኝተን እንኳ በእጃችን ብታስገቡልን እናውቀዋለን። ቅናት ግን ዓይን ብቻ ሳይሆን ጣትም ያሳውራል መሰለኝ።

ጦይባም በዚያ ጊዜ ለቃሚ ሆና ነበር። ፍሬዎቹ መዳፏ ላይ እንዳረፉ ጣቶቿ ተዘጉ፣ አንድ ጊዜ አሻሸቻቸው፣ ከዚያ ቆሙ። አወቀች። ቀና ብላ አሰፋችን አየቻት። አሰፋች ደግሞ የጦይባን ፊት ማየት የቻለችው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቀልታ አንገቷን ደፋች።

ጦይባ ጣለቻቸው።

ጥሩ ቡና ስትጥይው ጠብ ብሎ ይቀመጣል። እነዚህ ግን እየተንኳኩ ጠረጴዛውን ሞሉት፤ አንዷ እኔ ጋ መጥታ ቆመች፣ አንዷ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ እስከ ግድግዳው ሄደች። ከድምፁ ብቻ ሁሉም ሰው አወቀ። የሁሉም እጅ ቆመ። እጅ ሲቆም መጋዘኑ እንዴት ጸጥ እንደሚል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጋሼ ሽብሩ ከበሩ «ምነው? መንኮራኩሯ ወደቀች እንዴ?» አሉ።

ጦይባ ከጆንያዋ ተነሣች። ሄዳ ግድግዳው ሥር ያለችውን አነሣች፣ የእኔንም ተቀበለችኝ፣ አምስቱን ሰብስባ ጠረጴዛው መሐል ላይ አስቀመጠች።

«ሞተ» አለች። «ቀዳዳውን ደፈነና በዚያው ሞተ። ጎትተው ሲያስገቡት ደረቱ ተከፈተ። ስባሪ ነበር ያሰቡት። ስባሪ አልነበረም። እነዚህ ናቸው የወጡት።»

«መነኩሴዎቹ?» አለች አትጠገብ።

«አዎ። ጎን የሌላቸውን ነበር የሚያስቀምጠው። ፊትም ጀርባም ስለማይሰጡ ሰው የሚመልሳቸውን።»

እትዬ ዘነቡ፣ ሳቅ እንጂ ሌላ የማታውቀው ሴት፣ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። አትጠገብ ግልጥ ብላ አለቀሰች። ማንም ስለ ተንኮሉ አላነሣም፤ የሚነሣ ነገር አልቀረም፤ ጦይባ ወስዳ የታሪኩ አካል አደረገችው።

ከዚያ ጦይባ ጆንያዋ ላይ ተቀመጠችና «አሁን እኔ ሰው የለኝም» አለች። «አሱ፣ ስጪኝ።»

አሰፋች «ሰኞ» አለች።

ከስብሰባው በኋላ ወደ ቤት ሄድን። በራችን ላይ ስንደርስ ቁልፉን እየፈለገች «ለምን አልተናገረችም?» አለች።

«ልታዋርድሽ አልፈለገችም ይሆናል።»

«ብትናገር ይሻለኝ ነበር። እንጣላና ይወጣልኝ ነበር። የሠራሁባትን እንኳ አሳምራ ወሰደችብኝ።» በሩን ከፍታ ገባችና አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እኮ አስቤው አላውቅም። አምስቱን ፍሬ አንድ በአንድ ስቋጥራቸው፣ ደረቱ ውስጥ የነበሩት እነሱ ሊሆኑ እንደሚችሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣልኝም። እሷ ጥላ እስክታነሣቸው ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ያገኘችው።»

እሑድን ሙሉ አልጋዋ ላይ ነበረች። የምትጸጸት መስሎኝ ሁለት ሦስት ቃል ላጽናናት ሞከርሁ። እሷ ግን እየተጸጸተች አልነበረም። ሰው እየፈጠረች ነበር።

ሰኞ ቦታዋን ከያዘች በኋላ ማንንም ሳታይ ጀመረች። «ይቺ ሴት ለሁለት በተሠራ ቤት ውስጥ ብቻዋን ያደገች ናት። እህት ትኖራት ነበር፤ አልተወለደችም። የእህቷንም ቦታ እሷው ሞላችው። ስለዚህ ድቡልቡል ናት። የምታርፍበት ጎን የላትም።»

«ሥራዋ?» አለች ጦይባ።

«በር ጠባቂ ናት። ወደ መንኮራኩሯ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደማይገባ የምትወስነው እሷ ናት።»

«የምትፈራውስ?»

አሰፋች አንዲት ጥቁር ፍሬ አንሥታ ወደ ጎን ጣለች። «ሰው መጥቶ ጠጋ በይልኝ እንዳይላት።»

«ምድር ላይ የተወችው?»

«መዝሙር» አለች አሰፋች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ጮክ ተብሎ አይባልም።

ቀድማ የተናገረችው እትዬ ዘነቡ ናት። «ይቺን ሴትዮ የት ነው የማውቃት?» አለች፣ ወደ መስኮቱ በኩል እያየች። ሳቅ ሆነ፤ አሰፋችም በአፍንጫዋ ሳቀች። ከሰጠችን ሰዎች ሁሉ የተሻለችው በር ጠባቂዋ ናት፤ ይህን ሁላችንም አወቅን፣ ጦይባም አወቀች።

«ያምራል» አለች ጦይባ። «እኔ ብሆን አላገኛትም ነበር።»

አሰፋች ይህን የሰማችበትን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ደስታ ነበረበት። ግን ደስታው ሙሉ አልነበረም፤ ያመሰገነቻት ሴት ማን እንደሆነች እያሰበች ነበር።

ጦይባ በር ጠባቂዋን ዓመቱን ሙሉ ይዛት ከረመች። የሚያንኳኳ በመጣ ቁጥር አምስት ፍሬ ትጥላለች፤ ሦስቱ ፊት ከሰጡ በር ጠባቂዋ እያጉረመረመች ትከፍታለች፣ ካልሰጡ ሰበብ ትፈጥራለች። «ዛሬ ቁልፉ ተንሳፍፎ ኮርኒስ ላይ ነው፣ ነገ ኑ» ትላለች በጦይባ ስስ ድምፅ። ሰው በሳቅ ይሞታል። አሰፋች ደግሞ ለአፍታ ትስቅና «እሷ እንዲህ አትልም» ትላለች። «እኔ ነኝ የማውቃት።» «ታዲያ ምን ትላለች?» ትላለች ጦይባ። አሰፋች ትነግራታለች፤ ጦይባ ደግማ ስትለው ከአሰፋች ይልቅ ያምራል። አሰፋች ይህን ሰምታ ቡናዋን ታነሣለች። እንዲህ ነበሩ። አንዷ ትፈጥራለች፣ ሌላዋ ታንቀሳቅሳለች፤ ሁለቱም ያለ አንዳቸው እንደማይሆን ያውቃሉ፣ አንደኛዋን ይህን ማወቋ ያበግናታል።

ጠጋ ብላ ቦታ አልሰጠቻትም። ያ ጫፍ የእሷ ነው። አንድ ቀን ግን ክረምቱ ሲበርድ የጦይባን ጆንያ ከማዕዘኑ ጎትታ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ራሷ አጠገብ አመጣችው። «እዚያ ሆነሽ ስባሪ ታሳልፊያለሽ፣ እኛን ታስነቅፊናለሽ» አለቻት።

ጦይባ ነዚፍ የሚባል ሾፌር አግብታ ወደ ይርጋጨፌ ሄደች። የሄደች ቀን በር ጠባቂዋን ለማን እንደምትሰጥ ጠየቅናት። «ለአሱ እመልሳለሁ» አለች። በማግስቱ የአቶ ዘይኑዲን ጎረቤት የሆነች ሱራያ የምትባል ልጅ ለቀማ ገባችና በጨዋታው ሰው ስትጠይቅ፣ እትዬ ዘነቡ «በር ጠባቂዋ ባዶ ናት፣ ውሰጃት» አለቻት።

«ባዶ አይደለችም» አለች አሰፋች። «ተይዛለች።»

ለራሷም አልወሰደቻትም። ጨዋታው እስኪቀር ድረስ የመንኮራኩሯ በር ያለ ጠባቂ ኖረ። የሚያንኳኳ ሲመጣ አሰፋች «ትንሽ ጠብቁ፣ አልመጣችም» ትላለች፤ እኛም እናልፋለን።

አሰፋች አላገባችም። መጋዘኑ ከተዘጋ በኋላ የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆነች፤ በር ላይ ትቀመጥ ነበር፤ እትዬ ዘነቡ ነፍሷን ይማርና ይህን ስትሰማ እስክትታመም ሳቀች። የኮንጋ ጸሎት ቤት ሲከፈት ሄዳ መዘመሯን ሰማሁ፤ ሌሎች ልጆች ይመሩ ነበር፣ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ቃሉን ትሳሳታላችሁ እያለች አስቸገረቻቸው አሉ።

ባለፈው ጥቅምት ሄጄ ጠየቅኋት። ጉልበቷ ደክሟል፣ ዓይኗ ግን አልደከመም። አቮካዶ ቆርጣ ሰጠችኝና ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ስለ ጦይባም አነሣን፤ ይርጋጨፌ ውስጥ የልጅ ልጅ አይታለች፣ በየበዓሉ ስልክ ትደውልላታለች። «አሁንም ስትስቅ አፏን የምትሸፍን ይመስለኛል፤ በስልክ ይሰማኛል» አለች አሰፋች።

ከዚያ «ውዳሴ፣ እውነት ንገሪኝ» አለች። «ከሁሉም የወደድሽው የቱን ነበር? የብረቱን ሰውዬ ነው፣ ወይስ የኔን በር ጠባቂ?»

ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ፊቴን እያየች ትጠብቃለች፣ ቡና እንደምትለቅም።

«መንገድ አስታዋሿን» አልኋት። እውነቴን ነው። ሌላው ሁሉ ሲቀይር እኔ አልቀየርኋትም፤ እስከ ዛሬም ወደ ዲላ ገበያ ስሄድ መመለሻውን እሷ ናት የምትይዝልኝ።

አሰፋች ጥቂት አየችኝ። «አንቺማ ሌላ እንዲሰጥሽ አፍረሽ ሳትጠይቂ ቀርተሽ ነው» አለች። ከዚያ አቮካዶውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ በሩ መልሳ፣ «ብቻ ጥሩ ሰው ነበረች፤ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ» አለች።